«መጣ» የማይባልበት ግቢ

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ አፍ የሚለው ቃል አንድ ነው፤ «መጣ» ነው። ሕፃኑ ይለዋል፣ ሽማግሌው ይለዋል፣ በአጥር የተነሳ ከጎረቤቱ ጋር የተኳረፈ ሰው እንኳ በዚያች ደቂቃ ኩርፊያውን ረስቶ በመስኮት ብቅ ይልና «እናንተም ጋ መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ ይህን የመሰለ የምሥራች ቃል ከስድብ አብልጠው የሚፈሩበት ግቢ አለ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አለ። የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኞች ማሠልጠኛ ግቢ ነው። መሬት ላይ ለቆመ ሰው «መጣ» ማለት ፍሪጁ ሊቀዘቅዝለት ነው። ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ ለጨበጠ ሰው ግን መርዶ ነው፤ ያውም ሰምቶ ለመጨረስ ጊዜ ከተረፈው።

ስለዚህ በዚያ ግቢ ምሳ አይመጣም፣ ይደርሳል። አለቃ አይመጣም፣ ይደርሳል። ዝናቡ ራሱ ሰማዩን ቢያጠቁረውም «ሊደርስ ነው» ነው የሚባልለት። «መጣ» ከተባለ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ ተለቋል። ምሰሶ ላይ ያለ ሰው ይህን ከሰማ ማን አለው፣ ለምን አለው ብሎ አይጠይቅም። የያዘውን ይለቃል፣ ከምሰሶው ጋር ባሰረው ቀበቶ ላይ ወደኋላ ይንጋለላል፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፊሽካ እስኪነፋለት ይጠብቃል። አፉ አምልጦት ቃሉን የተናገረ ሠልጣኝ ደግሞ የዚያን ቀን የሁሉንም ገመድ እሱ ነው የሚሸከመው።

ቆጣሪ ይህን ደንብ የተማረው ፀጉሩ ከፊት መሸሽ ከጀመረ በኋላ ነው። ቆጣሪ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ዕድሜውን የበላው ሥራ ነው። ቤት ለቤት እየዞረ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሲያነብ ነበር የኖረው። እሱ ያላንኳኳው በር፣ እሱን ያልነከሰ ውሻ በከተማው የለም ማለት ይቻላል። ኋላ ላይ ራሱን በራሱ የሚያነብ አዲስ ቆጣሪ ወጣና መሥሪያ ቤቱ አንባቢዎቹን ሰብስቦ «ወይ የመስመር ሥራ ተማሩና ተፈተኑ፣ ወይ በሰላም ሂዱ» አላቸው። አብዛኞቹ በሰላም ሄዱ። እሱ ምሰሶውን አንጋጦ አየና «ቢያንስ እዚያ ላይ ውሻ የለም» ብሎ ተመዘገበ።

ሰው ሳቀለት። እሱ ግን በሆዱ እየቀለደ አልነበረም። ከዚህ መሥሪያ ቤት ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ለቆጣሪ አንባቢዎች የተሰጠው ዕድል ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የምሰሶውን ፈተና ካለፈ ሥራው ላይ ይቆያል፣ ከወደቀ እንጀራው እዚያው ላይ አበቃ። በነገራችን ላይ በዚህ ሥራ «ወደቀ» የሚባለው ነገር ሁለት ትርጉም አለው፤ ሁለቱም አይጣፍጥም።

ሚስቱ የምትፈራው ሁለተኛውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቃጠሎውን ነበር። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ የኤሌክትሪክን ሥራ የምታውቀው በጓሮው በኩል ነው። የቃጠሎ ቅባት ሊገዛ የሚገባውን ሰው ፊት አይታ ትለየዋለች። «እጅ ነው ፊት?» ትልና መልሱን ሰምታ፣ ቅባቱን ጠቅልላ ሰጥታ፣ ሰውየው ከወጣ በኋላ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ባሏ መመዝገቡን የነገራት ማታ ሳህን እያጠበች ነበር።

«በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» አለችው ፊቷን ሳትመልስ።

«የምን ሳር? ምሰሶ ነው እኮ የምልሽ።»

«እሱኑ ነው የምልህ። ሳር እንኳ የሌለው ገደል ነው።» ውሃውን ዘጋችው። «ስማ፣ ሥራ ፈተህ ቤቴ ተቀመጥ። ደረቅ ዳቦ ተካፍለን እንበላለን። ለገዛ ባሌ ግን የቃጠሎ ቅባት ከመደርደሪያ አላወርድም። ነግሬሃለሁ።»

እውነቷን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከሥልጠና ሲገባ እጆቹን ይዛ መብራት ሥር ትወስደውና መዳፉን ገልብጣ ገላልጣ ታያለች፤ ሰላም መሆኑን ስታረጋግጥ ደግሞ እንደ ተቆጣች ትለቀዋለች። ፍቅር ነው እንግዲህ፤ አንዳንዱ እንዲህ ነው የሚገለጽለት።

አሠልጣኙን ሁሉም «አይነኬ» ይሉታል። አንገቱ ወፍራም፣ ንግግሩ ቀጭን የሆነ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን ሠልጣኞቹን ምሰሶ ሥር አሰልፎ «ምኑ ነው የማይነካው?» ሲል ጠየቀ። አንዱ «ሽቦው» አለ፤ «አይደለም»። ሌላው «ትራንስፎርመሩ» አለ፤ «አይደለም»። ሁሉም ዝም ሲሉ «ሁሉም» አላቸው። «ካላዘሉኝ አላምንም ብላለች ሙሽራ። እናንተም ሙሽራ ናችሁ። ጠፍቷል ቢሏችሁ አትመኑ፤ በቴስተር ፈትሹ። ቴስተሩም ጠፍቷል ቢላችሁ አትመኑ፤ ድንገት ቢለቀቅ መሬት እንዲውጠው ሽቦውን ከመሬት ጋር እሰሩት። እኔ ራሴ ጠፍቷል ብላችሁም አትመኑ። እኔ ሰው ነኝ፣ እሳሳታለሁ፣ ሚስቴን ጠይቋት።»

ግቢው ውስጥ የተተከሉት ምሰሶዎች ከየትም ተነስተው የትም የማይደርሱ ናቸው። ሽቦው ከአጥሩ ጥግ ይጀምርና ሌላው አጥር ጥግ ላይ ያልቃል፤ አንድም ቤት አያበራም። ሚጢጢ ይህን ስታይ «ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው» አለች። ሚጢጢ ከሠልጣኞቹ በቁመት ትንሿ፣ በምላስ ትልቋ ናት። ምሰሶ ላይ ስትወጣ ሽቅብ ሳይሆን ቁልቁል የምትሄድ ነው የምትመስለው። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ሥሩ ሲባሉ ቆጣሪ ደረሳት፤ እሱ ሲወጣ እሷ ከታች ገመድ ትይዝለታለች፣ እሷ ስትወጣ እሱ ይይዝላታል። «ጋሽ ቆጣሪ» ትለዋለች። የቅጣቱን ገመድ ከማንም ይበልጥ የተሸከመችው እሷ መሆኗን መናገር አያስፈልግም፤ ያቺ አፍ ዝም ማለትን ከየት ትማረው?

የቆጣሪ ችግር ጉልበቱ ነበር። እግሩ ላይ የሚታሰረውን የመውጫ ብረት ምሰሶው ላይ ነክሶ ግማሽ መንገድ ሲደርስ ጉልበቱ በራሱ ፈቃድ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ አልፈራ፣ ልቡ አልፈራ፤ ጉልበቱ ብቻ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይርገበገባል። ሊያፍርበት ሲል አይነኬ ከታች «ተወው፣ ይንቀጥቀጥ» ይለዋል። «የጉልበት ጉዳይ የጉልበት ነው። እኔ የምፈልገው እጅህን ነው። እጅህ ሳታዝዘው መታዘዝ አለበት።» ይህ አባባል ለቆጣሪ ለረጅም ጊዜ አልገባውም ነበር። ሳታዝዘው መታዘዝ ምን ማለት ነው?

የፈተናው ቀን ጠዋት ሚስቱ በሩ ላይ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለትና ወደ መድኃኒት ቤቷ ሄደች። እሱም ወደ ግቢው።

ፈታኙ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ ሰው ነው። ጫማው የተወለወለ፣ እርሳሱ የተቀረጸ፣ ለሁሉም «እርስዎ» የሚል ሰው። የፈተናውን ሕግ በቀዝቃዛ ድምፅ አስታወቀ። ዛሬ መስመሩ ላይ እውነተኛ ኤሌክትሪክ አለ። ተፈታኙ መጀመሪያ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ያለውን፣ መስመሩን የሚያጠፋውን ብሬከር ያወርዳል፣ በቁልፍ ይቆልፈዋል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ይወጣል፣ ይፈትሻል፣ ሽቦውን ከመሬት ጋር ያስራል። ከዚያ የተሰነጠቀውን ስኒ ፈትቶ በአዲስ ይቀይራል። መቼም ስኒ ስል ሻይ የሚጠጣበት እንዳይመስላችሁ፤ ሽቦው ምሰሶውን እንዳይነካ ከሥር የሚሸከመው ነጭ ሸክላ ነው። «ከላይ አንዳች ዕቃ የጣለ ወድቋል» አለ ፈታኙ። «ሥራው በዚያው ይቆማል። አመሰግናለሁ።»

ቆጣሪ ብሬከሩን አወረደ፣ ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ ኪሱን ሁለቴ ዳበሰ። ወጣ። ጉልበቱ ግማሽ መንገድ ላይ እንደ ልማዱ ጀመረለት፤ እሱም እንደ ልማዱ ተወው። ላይ ደርሶ ቀበቶውን አጠለቀ፣ ሳበው፣ ያዘ። ቴስተሩን ዘርግቶ ፈተሸ፤ ቴስተሩ ዝም አለ። መስመሩን ከመሬት ጋር አሰረ። የተሰነጠቀውን ስኒ ፈትቶ በሸራ ባልዲ ወደታች ላከ፤ ሚጢጢ ተቀብላ አዲሱን ሰደደችለት። ከባልዲው አንስቶ በቀኝ እጁ ያዘው። በግራ እጁ ሽቦውን ደገፈ። እስካሁን ድረስ አንድ እንከን የለም፤ እሱ ራሱ አልፌያለሁ ማለት ጀምሮ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ተረቱም የግቢውን ደንብ ያውቅ ይሆን እንጃ፣ «ይመጣል» አላለም። የግቢው በር ተከፈተና አንዲት ሴት ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ ፀጉሯ ከሻሿ አምልጦ፣ እየሮጠች ትሁን እየተራመደች የማይለይ አካሄድ እየሄደች ገባች። ሚጢጢ ፕላስተር ስትገዛ ያወቀቻት ሴት ናት። አፏን እንዳትይዝ እጇ ገመዱን ይዟል፤ ከአፍ የወጣ ደግሞ አፋፍ ነው።

«ጋሽ ቆጣሪ፣ ሚስትህ መጣች!»

ላይ የሆነውን ቆጣሪ ራሱ በኋላ ሲናገር አያስታውሰውም። ማሰብ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለቱ እጆቹ ፍም እንደ ነኩ ተከፈቱ፣ ጀርባው ወደኋላ ሄደ፣ ቀበቶው ያዘው፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ተገኙ። ስኒው ቁልቁል ሄዶ የምሰሶው ሥር ኮንክሪት ላይ ብትንትኑ ወጣ።

ሚስቱ ግቢው መሐል ቆማ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋለች። ሚጢጢ ገመዱን እንደያዘች ፊቷ አመድ መስሏል። ፈታኙ እርሳሱን አነሳ።

አይነኬ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ፊሽካውን አልነፋም። ሳይቸኩል ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄደ፤ ብሬከሩ መውረዱን አየ፣ መቆለፊያውን ጎተት ጎተት አደረገ፣ ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው ፊሽካው የተሰማው። ቆጣሪ ያን ያህል ጊዜ ላይ ተንጋሎ ሰማይ ሲያይ ነበር፤ ጆሮው የሰማውን አንጎሉ ያነበበው ያኔ ነው። መጣች ነው ያለችው። መጣች። ሚስቱን ነው። ቁልቁል ቢያይ የስኒው ስብርባሪ፣ አሻግሮ ቢያይ የፈታኙ እርሳስ። «ወደቅኩ» አለ ለራሱ፣ እንባ እንባ አለው።

«ተፈታኙ ዕቃ ጥለዋል» አለ ፈታኙ።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች ሚጢጢ፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሰ። «እኔ ነኝ የተናገርኩት። እኔን ይጣሉኝ፣ እሱን ይተዉት።»

«እርስዎ የተናገሩት ‹መጣች› ነው። ደንቡ ደግሞ ‹መጣ› ነው የሚለው። ልዩነት አለው።» ፈታኙ አንገቱን ወደ ላይ አቀና። «ተፈታኝ፣ ይሰሙኛል? ብሬከሩ ወርዷል። ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነው። መስመሩን ከመሬት ጋር ያሰሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። የተነገረውም ባለቤትዎ መምጣታቸውን ነው። ለምን ለቀቁ?»

ቆጣሪ ሊለምን ነበር። ሚስቴ ናት፣ ደንግጬ ነው፣ ሌላ ሥራ አላውቅም ሊል ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጌታዬ፣ ‹ች›ን እስክጠብቅ ከሰል ልሁን?»

አንዱ ሠልጣኝ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አፉን ያዘ። ፈታኙ ወደ አይነኬ ዞረ፤ አይነኬ ለደንብ ሟች መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሠልጣኞቹ ፍርዱን ከሱ ጠበቁ።

«እርስዎ ምን ይላሉ? ‹መጣች› ‹መጣ› ነው?»

አይነኬ የስኒውን ስብርባሪ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። «እኔ ያስተማርኩት እጅ መልቀቅ ነው፤ ሰዋስው አላስተማርኩም። ሽቦ ይዞ ወንድ ይሁን ሴት የሚመረምር ሠልጣኝ ካለኝ ዛሬውኑ ያባርሩልኝ። ይኼ ሰውዬ ግን ለቀቀ። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ስንት ጊዜ ተጨንቄበታለሁ፤ ከዛሬ በኋላ አልጨነቅበትም።»

ፈታኙ ወረቀቱ ላይ አንዱን ቃል አሰመረበት፤ ምን እንደሆነ ማንም አላየም። «ስኒ ይገዛል» አለ። «ሌላ ይላኩላቸው።»

ሚጢጢ ባልዲውን እንዴት አድርጋ እንደጎተተች አይጠየቅም። ቆጣሪ አዲሱን ስኒ ያዘ፣ አስቀመጠ፣ ሽቦውን አሳርፎ በማሰሪያው ዙሪያውን ጠመጠመ፣ ሳበ፣ ደገመ። መስመሩን ከመሬት ጋር ያሰረበትን ሽቦ ፈታ። ወረደ። ጉልበቱ ቁልቁሉን ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ እግሩ መሬት ሲነካ ጭራሽ ከዳውና የምሰሶው ሥር ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ፈታኙ አጠገቡ መጥቶ ቁልፉን ተቀበለው።

«አልፈዋል» አለው፤ ድምፁ ያው ቀዝቃዛ ነው፣ ቃሉ ግን ሞቀ። «ስለ ‹ች› የተናገሩትን ለሌሎች ግቢዎች እነግራቸዋለሁ።»

ቆጣሪ እፎይ አለ። እፎይታው ከእግር ጥፍሩ ተነስቶ እስከ አናቱ ሄደ፤ ስንት ወር የተሸከመው ነገር ከትከሻው ሲወርድ ሸክሙ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ያወቀው ገና አሁን ነው። ሥራ አለው። ነገም ከነገ ወዲያም ሥራ አለው። ከእንግዲህ የሰው በር አያንኳኳም። ደስታው መጣና ሊስቅ ሲል አለቀሰ፣ ሊያለቅስ ሲል ሳቀ። አይነኬ አላየሁም ብሎ ጀርባውን ሰጠው። ሚጢጢ የግቢውን ገመድ ሁሉ ሳትታዘዝ ትከሻዋ ላይ መደርደር ጀምራለች፤ ዛሬ ቅጣቱ ቀሏታል።

ያኔ ነው ሚስቱ ወደሱ የሄደችው። አጠገቡ፣ መሬቱ ላይ፣ ጋዋኗን ሳትሰበስብ ተቀመጠች። እጆቹን ያዘች፣ ግን አልገለበጠቻቸውም።

«ለምን መጣሽ?» አላት። ከአፉ ሲወጣ ደነገጠና ዙሪያውን አየ፤ ምሰሶ ላይ ሰው አልነበረም።

«ላወርድህ» አለችው። «ጠዋት አንድ ሰው ቅባት ሊገዛ ገባ። ‹እጅ ነው ፊት?› ልለው ስል አፌ እምቢ አለኝ። ሱቁን ለጓደኛዬ ትቼ ወጣሁ። ከዚያ ምሰሶ ላይ በእግሩ ጎትቼ አወርደዋለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ይቆጡ፣ ይሳቁ፣ ግድ አልነበረኝም።»

«ታዲያ ለምን አላወረድሽኝም?»

አፍንጫዋን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች።

«አንተ እኮ ቤት ውስጥ በአንድ ጥሪ ሰምተኸኝ አታውቅም። ምሳ ቀርቧል እልሃለሁ፣ ‹እ?› ትላለህ። በር ዝጋ እልሃለሁ፣ ‹እ?› ትላለህ። ይህ ሰው እዚያ ላይ ሆኖ ማንን ሊሰማ ነው እያልኩ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ መሰለህ። ዛሬ ግን አየሁህ። ልጅቷ ቃሉን ሳትጨርስ ሰማህ።» ድምፅዋ ተሰበረ፣ ግን እየሳቀች ነበር። «እንግዲህ ውጣ። አልከለክልህም። ቤት ውስጥ አትስማኝ፣ እድሜ ልክህን አትስማኝ። እዚያ ላይ ብቻ ስማ።»

«እሺ» አላት፤ ሳትደግምለት።